ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉ

ሰው ፊቱ ላይ ብዙ ነገር ሊወጣበት ይችላል። ብጉር ይወጣል፣ ኪንታሮት ይወጣል፣ አንዳንዱ ላይ ጢም እንኳ ዘግይቶም ቢሆን ይወጣል። የኔው ግን ቦታ አጥቶ ይሁን እኔን ፈልጎ፣ ከላይኛው ከንፈሬ ሥር በስተግራ በኩል ወጣ። አፍንጫዬ ላይ ቢወጣ ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ግንባሬ ላይ ቢወጣ ያዝንልኝ ነበር። መተማ ቆላ ውስጥ፣ ያውም ገንዳ ውሃ ላይ፣ ከንፈር ሥር ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው የሚባለው።

የደጋ አንባቢዎቼ ሱረት ሲባል የምታውቁት በአፍንጫ የሚማገውን ነው። እዚህ ግን ነገሩ እንደ ሱዳኖቹ ነው። እርጥቡን ሱረት በሁለት ጣት ድቡልቡል ያደርጉና ከከንፈራቸው ሥር ይወትፉታል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምራቃቸውን ጢቅ ሲያደርጉ ይውላሉ። የወተፈ ሰው ከንፈሩ ያብጣል። ስለዚህ በኛ አገር ያበጠ ከንፈር ታርጋ ነው፤ ባለቤቱ ምን እንደጫነ ከሩቅ ያስነብባል።

እኔ ደግሞ የሱረት ጠላት ነኝ። ጠላት ስል ዝም ብሎ የማይወድ ማለቴ አይደለም። የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ነኝ፤ ሙሴ ማለት ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚሰበሰበው የጽዋ ማኅበር አለቃ ነው። ሌሎች ሙሴዎች ሲሾሙ ምንጣፍ ያስገዛሉ፣ ድስት ያስገዛሉ። እኔ ሕግ አወጣሁ። ወደ ጽዋው ቤት የሚገባ ወንድ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ገልጦ ያሳያል። በር ላይ የምቆመው ደግሞ ራሴ ነኝ። "ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉ!" እላለሁ፣ ይገልጣሉ፣ አጎንብሼ አያለሁ፣ "ይለፉ" እላለሁ። እንጀራዬ የሰሊጥ መጋዘን ናሙና አውጪነት ነው። ጆንያውን በሹል ቱቦ ወጋ አድርጌ ውስጡ ምን እንዳለ ማየት ልማዴ ነው። ጆንያና ማኅበርተኛ መለየት እያቃተኝ መጥቶ ነበር መሰለኝ።

አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ማኅበርተኛ ነበሩን። ዕድሜያቸውን ትራክተር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። እኔ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ስወርድ እንደማንኛውም ሳሉግ አንድ ቁምጣና አንድ ማጭድ ነበረኝ፤ የወቅት ሠራተኛውን እዚህ ሳሉግ ነው የምንለው። ገና በሳምንቴ ወባ ሲጥለኝ ከተጎታች ላይ አንሥተው ቤታቸው ያስገቡኝ፣ ያስታመሙኝ፣ ኋላም መጋዘን ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ማኅበሩም እጄን ይዘው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ አምና በአንዱ አሥራ ሁለት ሲመጡ ላይኛው ከንፈራቸው በስተግራ አበጥ ብሎ አየሁት።

"አያ ደሴ፣ ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉ" አልኩ።

"ተወኝ ልጄ፣ ልግባበት" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ሕግ ነው አያ! ከንፈሩን ሳይገልጥ ለማንም አንከፍትም!"

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ከውስጥ ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኔ ደግሞ ያልሰማ እንዳይኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አያ ደሴ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በመጡበት ተመለሱ። ከንፈራቸውን አልገለጡም። ከዚያ ወዲያም ማኅበር ደርሰው አያውቁም። እኔ "አያችሁ? ንጹሕ ሰው ቢሆኑ ይገልጡ ነበር" አልኩና ገብቼ ጽዋዬን ጠጣሁ። ጠላው ግሩም ነበር፣ አልዋሻችሁም።

የኔው ጉድ የጀመረው ከዚያ ወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰሊጥ ፍሬ መሰለኝ፤ ሰሊጥ ቀምሼ ደረቅ እርጥቡን ስለምለይ አንዷ ተሰንቅራ ቀርታ ይሆናል ብዬ በምላሴ ፈለግኋት። ፍሬዋ አልወጣ አለች። እንዲያውም ሽምብራ አከለች። አታመኝም፣ አታሳክከኝም፣ በምላሴ ስገፋት ሸሸት ትላለች፣ ስተዋት ቦታዋ ትመለሳለች። ከባቄላ ስትበልጥ ከንፈሬ ወደ ላይ ተነሣና ሰው ሁሉ ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ ያየችኝ ባለቤቴ ጥሩዬ ናት።

"ከንፈርህ ሥር ምን ይዘሃል?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ አያሳብጥም" አለችና አፌን አሸተተችው። ሽታ አጣች። የሸሚዜን ኪስ ገለበጠችው፤ ቡናማ ብናኝ አገኘች። የሰሊጥ ገለባ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ! "ወንድሜም ሲጀምር ገለባ ነው ነበር ያለው" አለችኝ። ወንድሟን ማኅበሩ በር ላይ ከንፈሩን አስገልጬ ያዋረድኩት እኔው ራሴ ነበርኩ።

በሎሚና በጨው አሸሁት፤ ከንፈሬ ቀልቶ ይበልጥ ተወደረ። ጢም አሳደግሁበት፤ ጢሙ እብጠቷ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ጭራሽ ምልክት ሆነላት። ዝም ለማለት ሞከርኩ፤ ይሄ ከሁሉ የባሰ ሆነ፣ እኔን የሚያውቅ ሰው ዝም ስል ካየ ይጠረጥራል። መጋዘን ውስጥ ደግሞ እስከ ዛሬ ሰላምታ የነፈገኝ አንድ ጀላቢያ ለባሽ ሱዳናዊ ነጋዴ ከንፈሬን አይቶ ፊቱ በራ። ከጀላቢያው ኪስ የሱረት ቆርቆሮውን አውጥቶ ከፈተና፣ "ታማም!"፣ በኛ "ግሩም!" እንደማለት፣ እያለ እንደ ወንድሙ ዘረጋልኝ። የመጋዘኑ ሠራተኛ በሙሉ ቆሞ እያየ ነበር።

አሥራ ሁለት ደረሰ። ሕጌን ላስከብር በር ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣው አበራ የሚባለው የትራክተር መካኒክ ነው፤ አፉ ላይ ፍሬን የለውም።

"ሙሴያችን፣ ዛሬስ ባንተ እንጀምር። ገለጥ አድርጋት።"

ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ገለጥኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ታደገ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ማኅበርተኛው ተጠጋጋ። ቁና ቁና የሚተነፍስ ሕዝብ አፌ ውስጥ ገባ ልበላችሁ።

"ሱረቱማ የለም" አለ አንዱ።

"የለም?" አለ አበራ፣ "ኧረ ያቻትና! ሥር ሰዳለች እንጂ። ከብዛቱ የተነሣ ሱረቱ ከሥጋው ተዋሕዷል!"

"ያንን ቃል ለዚህ አታውለው!" ብለው ገሠጹት መምሬ። አበራ ይቅርታ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን ስለ ቃሉ ነው እንጂ ስለ ከንፈሬ አልነበረም።

እኔ ምያለሁ፣ ተገዝቻለሁ፣ የልጆቼን ስም ጠርቻለሁ። መምሬ ትከሻዬን ይዘው፣ "ልጄ፣ ይኸን ፍርድ ያወጣኸው ራስህ ነህ" አሉኝ። "ሐኪም ዘንድ ሂድና ወረቀት ይዘህ ና። እስከዚያው ጽዋው ይለፍህ።" በዚያ ቀን ጽዋው በፊቴ አልፎ ለአበራ ሲሰጥ አየሁ። ሙሴነቴ ቀርቶ ስሜ ነበር የሚያንገበግበኝ። ገንዳ ውሃ ላይ ስም አንዴ ከወደቀ ባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ይረግጠዋል። ያንን ወረቀት ሳላመጣ መኖር እንደማልችል ገባኝ።

በማግስቱ ማለዳ የጎንደር አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። አጠገቤ አጨዳ ጨርሶ ወደ ጎጃም የሚመለስ ሳሉግ ተቀመጠ። ከንፈሬን አየ፣ ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ወንድም ዓለም፣ ቆንጠር አርገህ ብታካፍለኝሳ?"

"ምኑን?"

"ያችኑ ነዋ። የኔዋ አልቃብኝ እኮ ነው።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይከል እስክንደርስ ሰበክሁት። ሱረት ድድ እንደሚበላ፣ ጥርስ እንደሚያራግፍ፣ ነፍስ እንደሚያጎድፍ፣ አንድም አልቀረኝ። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "አልሰጥም ካልክ አልሰጥም በል" አለኝ፣ "ስብከት ምን አመጣውሳ?" ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ የኔን ስስት አወገዙ።

ኬላ ላይ ደግሞ ፈታሹ አውቶቡስ ውስጥ ገባና ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ላይ ቆመ። የሱዳን ሱረት ኮንትሮባንድ ነው። "ውረድ" አለኝ፤ ወረድኩ። "ከንፈርህን ገለጥ አድርግ።" ተሳፋሪው መስኮት ላይ ተደርድሮ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ ገለጥኩ። የምለው ሁሉ አፌ ተከፍቶ "ኧኧ" ሆኖ ነው የሚወጣው። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ አየና ድምፁ ለስለስ አለ። "ታከም ወንድሜ" አለኝ። ተመልሼ ስቀመጥ ፊቴ በላብ ርሶ ነበር። የፀሐዩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጎንደር ሐኪም ቤት የደረሰችኝ ወጣት ዶክተር ናት። ወንበር ላይ ገና ሳልደላደል፣ "ሱረት ይጠቀማሉ?" አለችኝ።

"አልጠቀምም!"

"አይቆጡ፣ ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው። ያምዎታል?"

"ሰው ሲያየው ነው የሚያመኝ።"

በጓንት ያዘችው፣ ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሰችው፣ ቅንድቧን አነሣች። "በመርፌ ናሙና እንወስዳለን" ስትል ነፍሴ መለስ አለች። በመጨረሻ የማውቀው ሥራ ተገኘ።

"ከስንት ቦታ?" አልኳት።

"ከአንድ።"

"ዶክተር፣ ከአንድ ቦታ የወጣ ናሙና ጆንያውን አይወክልም። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ነው የሚወጋው።"

"ከንፈርዎ ጆንያ አይደለም" አለችና ወጋችኝ። ጆንያ ሲወጋ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁ።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አለችኝ፤ "የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው የሚመስለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጆሮ በታች፣ መንጋጋ ጋ ባለው ትልቁ ዕጢ ላይ ነው። ከንፈር ውስጥም ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች አሉ፤ እዚህ ቦታ ግን ብዙም አናየውም።"

"ክፉ ነው?"

"ክፉ አይመስልም። ግን ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በላቦራቶሪ ሳይታይ ቃል አልገባልዎትም። ቢተውም ማደጉን አያቆምም፣ አንዳንዴም ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል።"

ብዙም የማይታይ ነገር መያዝ ክብር ይመስላችኋል። ተማሪዎቿን ጠራች። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ወንበሬን ከበቡ። እያንዳንዳቸው በትሕትና ጎንበስ እያሉ፣ "አባት፣ ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉልን" ይሉኛል። እገልጣለሁ፣ ይነካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ምራቄ በአገጬ ወርዶ ደረቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ልጠርገው እጄን ሳነሣ ሌላው "አንዴ ብቻ" ይለኛል። ሥራቸው ነው፣ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን አፈርኩ። ከሰው ፊት አፌን ከፍቼ መታየት እንዲህ ያዋርደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ ፍርሃቱ መጣ። ጥሩዬ ጋ ስልክ ደወልኩና የተባልኩትን ነገርኳት። ማልቀስ ጀመረች።

"ምነው ሱረት በሆነልኝ!" አለችኝ። "ኧረ ምነው አንተዬ ሱረት በሆነ!"

ከተጋባን እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ነግራኝ አታውቅም። እኔም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ካንሰር ቢሆንስ? ልጆቼስ? እንባዬ እየወረደ ሳለ ድንገት አያ ደሴ ትዝ አሉኝ። የሳቸውም ላይኛው ከንፈር ነበር። በስተግራ! የሳቸውም ይቺው ዕጢ ብትሆንስ? ዶክተሯን ሮጬ ደረስኩባት።

"ይህ ነገር ሌላ ሰውም ላይ ሊወጣ ይችላል?"

"እንዴታ፣ ይችላል።"

በቃ! አንድ የታመመ ሽማግሌ ሱረተኛ ብዬ ከደጅ መልሻለሁ ማለት ነው። ካልሞትኩ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ቀዶ ጥገናው ከተፈራው ቀላል ነበር። በመርፌ አደነዘዙኝ፣ ከንፈሬን ገልብጠው ከውስጥ በኩል ቀደዱ፣ የመቀሱን ድምፅ እየሰማሁ ቆየሁ፣ እብጠቷ ከነሽፋኗ ሳትፈርስ ወጣች። ዶክተሯ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ አሳየችኝ። ነጣ ያለች ድቡልቡል ነገር ናት። ለሷ ነው ወይ ያን ሁሉ ሰው አፌ ውስጥ ያስገባሁት? የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ጎንደር ዘመድ ቤት አጥሚት በማንኪያ እየጠጣሁ ሰነበትኩ። ከዚያ ዶክተሯ እየሳቀች ወረቀቱን ሰጠችኝ። ካንሰር አይደለም። ያን ዕለት ያየሁትን ሰው ሁሉ ብስመው ደስ ባለኝ፤ ከንፈሬ ተሰፍቶ ነው እንጂ።

በአሥራ ሁለት ወረቀቴን ይዤ ማኅበር ገባሁ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም፤ ሁሉም ግን ማኅተሙን እያገላበጠ አየው።

"ምን ይላል?" አሉ መምሬ።

"የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው ይላል" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ምራቅ?" አለ አበራ። "ምራቅ አለ እንዴ ወረቀቱ ላይ? ታዲያ ያው አይደል! ሱረት የወተፈ እንጂ ሌላ ማን ነው ምራቅ የሚበዛበት?"

ቤቱ ተንጫጫ። ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ተወግቼ፣ ተቀድጄ ማስረጃ ብዬ ያመጣሁት ወረቀት ራሱ መሰከረብኝ። ሁሉም ሰው ምራቅ እንዳለው፣ መላእክት ብቻ እንደሌላቸው ለማስረዳት ጽዋው ሁለት ጊዜ መዞር ነበረበት። በመጨረሻ መምሬ፣ "ዕጢ ነው ካለ ዕጢ ነው፣ በቃ!" ብለው ጽዋውን በእጄ አስያዙኝ።

ተምሬ ተመለስኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሙሴነቴን እንደተረከብኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ሕጉን ማሻሻል ነው። በሐኪም ወረቀት የተረጋገጠ እብጠት ያለበት ሳይፈተሽ ይለፍ የሚል አንቀጽ ጨመርኩበት። ይህን የምሥራች ይዤ፣ ወረቀቴን በኪሴ ከትቼ፣ የይቅርታ ንግግሬን በመንገድ እየተለማመድኩ አሥር ሰዓት ላይ አያ ደሴ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የግቢው በር ክፍት ነው፣ መንገደኛ ያልፋል ያገድማል።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አያ ደሴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ታመው ሳለ እኔ ሱረት ነው ብዬ አዋረድኩዎት። ይኸው የኔም እንደርስዎ ነበር፣ ወጣልኝ። ጎንደር ልውሰድዎት፣ ዶክተሯን አውቃታለሁ፣ አሁን ሕጉንም አሻሽለነዋል።"

እስክጨርስ ሰሙኝ። "ተነሥ" አሉኝ ከዚያ። "ቅረብ።"

ቀረብኩ። በሁለት ጣታቸው ላይኛውን ከንፈራቸውን ገለጡት። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ባቄላ የምታህል ሱረት ተወትፋለች። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

"ያኔም ሱረት ነበር" አሉኝ ከንፈራቸውን መልሰው። "አልተሳሳትህም።"

"ታዲያ... ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?" አልኩ።

"ምን ልበልህ? ደጁ ላይ ልተፋት ነበር፣ ቀደምኸኝ። ኃጢአቴን መምሬ ያውቀዋል፣ ኸሳቸው አልደበቅሁም።" ምራቃቸውን ወደ ጎን ጢቅ አደረጉ። "ወባ የጣለህ ጊዜ ጥርስህ ግጥም ብሎ፣ ለሃጭህ እየወረደ፣ አፍህን ፈልቅቄ ነው ኪኒን ያጎረስኩህ። ጎረቤቱ ሊያይ ሲመጣ በሬን ዘጋሁበት። ሰው እንዲያ ሁነህ እንዲያይህ አልፈለግሁም።"

አንገቴን ደፋሁ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ማኅተሙም አለ፣ ለዚህ ግን የሚሆን አንቀጽ አልነበረኝም።

"ስፌቱ ደረቀልህ?" አሉኝ።

"ይመስለኛል አያ።"

"እስቲ ልየው።"

እጄ ወደ ከንፈሬ ሲሄድ፣ "ቆይ" አሉኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፣ እስከ ግቢው በር ሄዱ፣ ዘጉትና መወርወሪያውን አደረጉበት። ከዚያ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

"በል አሁን ገለጥ አድርገው" አሉኝ።

ገለጥኩላቸው።